ጥማድ፣ ሄክታር እና የጎደለው ቁጥር

ጎጃም ደጋ ላይ አንድ ገበሬ «ይህ ማሳዎ ስንት ይሆናል?» ተብሎ ሲጠየቅ ሳያቅማማ «አንድ ጥማድ ተኩል» ይላል። መልሱ ሐሰት የለበትም። ጥማድ አንድ ጥንድ በሬ በአንድ ቀን የሚያርሰው መሬት ነው፤ እኛ ቢሮ ተቀምጠን ሩብ ሄክታር ነው ብለን እናባዛዋለን። ታዲያ በሬው ከሳ፣ አፈሩ ዋልካ ሆነ፣ መሬቱ ዳገት ወጣ ሲባል የቀን እርሻው ያው አይሆንም። ለመጠይቅ የሄድኩባቸው አንድ አዛውንት ይህንኑ ሲያስረዱኝ «ልጄ፣ ጥማዱኮ እንደ በሬው ነው» አሉኝ። ቅጹ ላይ ግን ለበሬው የተተወ ቦታ አልነበረም። «0.375» ብዬ ጻፍኩ። ያቺ ቁጥርና መሰሎቿ ናቸው በኋላ ፕሮግራም ፍለጋ ያንከራተቱኝ።

ጥያቄዬ የቆየ ጥያቄ ነው። ትንሽ ማሳ ያለው ገበሬ በሄክታር ሲሰላ ከትልቅ ማሳ ባለቤት የበለጠ ያመርታል ወይ? ሩሲያዊው አሌክሳንደር ቻያኖቭ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ስለ ቤተሰብ እርሻ ሲጽፍ ጉዳዩን ነክቶታል። የኢኮኖሚ ምሁሩ አማርትያ ሴን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1962 የህንድን እርሻ ይዞ ባሳተመው ጽሑፍ አደባባይ አወጣው፤ ከዚያ ወዲህ የግብርና ኢኮኖሚ ምሁራን ሲከራከሩበት ኖረዋል። ለእኛ አገር ክርክሩ የመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ማሳ ከአባት ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ ሲከፋፈል ምርት ይጎዳል ወይስ አይጎዳም? ኩታ ገጠም እርሻ የሚያዋጣው ማሳው ስለሰፋ ነው ወይስ ገበሬው በጋራ ሲሆን ዘርና ማዳበሪያ በጊዜው ስለሚያገኝ? ለዚህ መልስ እሰጣለሁ የሚል ሰው መሬቱን ሳይለካ ስለ መሬት ስፋት የሚናገር ከሆነ ነገሩ ያስፈራል። በዚያ መልስ የሚወሰነው የሰው ኑሮ ነውና።

ስሌቱ ላይ ላዩን ሲታይ ቀላል ነው። የማሳውን ስፋት በአግድም ዘንግ፣ ምርቱን በቋሚ ዘንግ፣ ሁለቱንም በሎጋሪዝም አድርጎ መስመር ማስመር ነው። የመስመሩ ተዳፋት 1 ከሆነ መሬት እጥፍ ሲሆን ምርትም እጥፍ ይሆናል፤ መጠን ለውጥ አያመጣም ማለት ነው። ከ1 ካነሰ ትንሹ ማሳ ይበልጣል። የእኔ መስመር ከ1 በደንብ አነሰ። አለቃዬ ግራፉን አይተው «ይኸው! ትንሹ ገበሬ ነው ጎበዙ» አሉ፤ ሪፖርቱም በዚያው እንዲያልቅ ፈለጉ። የአዛውንቱ በሬ ግን ከሐሳቤ አልወጣልኝም።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ሁላችንም የተማርነው ሪግሬሽን፣ ሊስት ስኩዌር የምንለው፣ ነጥቦቹ ከመስመሩ ወደ ላይና ወደ ታች ያላቸውን ርቀት ብቻ ነው የሚያየው። በአግድም ዘንግ ላይ ያለውን ቁጥር ቅንጣት ስህተት እንደሌለበት አድርጎ ይቀበለዋል። የማሳው ስፋት ላይ ስህተት ሲኖር ነጥቦቹ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይበተናሉ፤ መስመሩም ወደ መተኛት ያዘነብላል። በልኬት ስህተት ምክንያት ዝምድና እንደሚደበዝዝ እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ቻርልስ ስፒርማን እ.ኤ.አ. በ1904 ጽፎታል፤ ማስተካከያውንም ጨምሮ። በተመዘገበው ስፋት ልዩነት ውስጥ 80 በመቶው እውነተኛ ልዩነት፣ 20 በመቶው የልኬት ስህተት ቢሆን፣ የምናየው ተዳፋት እውነተኛው በ0.8 ተባዝቶ ነው። ይህ 0.8 የልኬቱ አስተማማኝነት ይባላል። እስቲ ከእኛ ጉዳይ ጋር አያይዙት። እውነቱ 1 ቢሆን፣ ማለትም የማሳ መጠን ምንም ለውጥ የማያመጣ ቢሆን፣ እኛ 0.8 አግኝተን «ትንሽ ማሳ ይበልጣል» ብለን እናውጃለን። ግኝቱ የመጣው ከገበሬው ጉብዝና ሳይሆን ከመለኪያችን ድክመት ነው።

ደግሞ ናሙና በማብዛት የሚድን በሽታ አይደለም። ምርቱ ላይ ተራ ስህተት ቢኖር፣ አንዱ ገበሬ ኩንታሉን ከፍ ሌላው ዝቅ አድርጎ ቢናገር፣ መስመሩ ይደበዝዛል እንጂ አያጋድልም፤ ብዙ ገበሬ ስንጨምር ይጠራል። በስፋቱ ላይ ያለው ስህተት ግን አሥር ሺህ ገበሬ ቢጨመርም ንቅንቅ አይልም። የተሳሳተውን መስመር ይበልጥ እርግጠኛ ሆነን እንድናምነው ብቻ ያደርገናል። ይህን ለሥራ ባልደረቦቼ ስናገር አብዛኞቹ «ናሙናችን ትልቅ ነው እኮ» እያሉ ነበር የሚያጽናኑኝ።

ስለዚህ በሁለቱም ዘንግ ላይ ስህተት እንዳለ የሚያውቅ ፕሮግራም መፈለግ ጀመርኩ። ቢሮ ያለው የሠንጠረዥ ፕሮግራም መስመር ያሰምራል፤ የሚያውቀው ግን ያንኑ አንዱን ዓይነት ነው። ዘንጎቹን አቀያይሬ ስፋቱን በምርቱ አስገመትኩና መልሼ ገለበጥኩት። ሌላ መስመር ወጣ፤ ከፊተኛው እጅግ የቆመ። እ.ኤ.አ. በ1969 የመጀመሪያውን የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሽልማት ከያን ቲንበርገን ጋር የተካፈለው ኖርዌጂያዊው ራግናር ፍሪሽ እ.ኤ.አ. በ1934 እንዳሳየው፣ ስህተቶቹ እርስ በርሳቸው ካልተያያዙ እውነተኛው መስመር በእነዚህ በሁለቱ መካከል ይገኛል። ሳነበው ደስ አለኝ። ግራፉን ስመለከት ግን በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት «ትንሹ ይበልጣል» የሚለውንም «ትልቁ ይበልጣል» የሚለውንም በሆዱ ይዟል። ሐቀኛ መልስ ነው፤ ውሳኔ ለሚጠብቅ ሰው ግን አይበቃም።

የተሻለ ፕሮግራም ፍለጋ ከተማ ወረድኩ። ከኮምፒዩተር ሱቆች አንዱ ውስጥ አንድ ልጅ «ሁሉም አለበት፣ ፉል ነው» ብሎ ዲስክ ሸጠልኝ። እውነትም የስታትስቲክስ ፕሮግራም አለበት፤ ሲከፈት ቁልፍ ይጠይቃል፤ ከዲስኩ ጋር ያለው ቁልፍ ሲገባ «ጊዜው አልፏል» ይላል። በዚያ ላይ ፍላሼን ሰክቼ ሳወጣ ፋይሎቼ በሙሉ ወደ አቋራጭ ምልክት ተቀይረው አገኘኋቸው። የገበሬዎቹን መረጃ የያዘው ፍላሽ ነው! ልቤ ቆመ። ቢሮአችን ያለው የአይቲ ባለሙያ ወጣት «አይዞህ ጋሼ፣ ተደብቀው ነው እንጂ አልጠፉም» አለና አንድ ባንድ መልሶ አወጣቸው። ዕድሜ ይስጠው። ከዚያ ቀን ወዲህ መረጃዬን በሦስት ቦታ አስቀምጣለሁ፤ አንባቢም እንዲያው ቢያደርግ እመክራለሁ።

ይኸው ወጣት ነው ወደ አር የመራኝ። አር ኒውዚላንድ፣ ኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሮስ ኢሃካና ሮበርት ጀንትልማን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ የጀመሩት ነፃ ፕሮግራም ነው። ቁልፍ የለ፣ ክፍያ የለ። ችግሩ የእኛ ኔትወርክ ነበር። አንዱ ጥቅል ሌላውን ይፈልጋል፣ ያም ሌላውን፤ ሲወርድ ሲወርድ ይቋረጥና ከመጀመሪያው ይጀመራል፤ ሊያልቅ ሲል ደግሞ መብራት ይሄዳል። በመጨረሻ ልጁ ዩኒቨርሲቲ ካለ ጓደኛው ዘንድ ሁሉንም በፍላሽ አስመጣልኝ። ዕውቀታቸውን እንዲህ በነፃ ለዓለም የሚያፈስሱ ሰዎች መኖራቸውን ሳስብ ዛሬም ልቤ ይነካል። ገንዘብ የሌለው መሥሪያ ቤት ያለ ተመራማሪ ከሀብታም አገር ተመራማሪ እኩል መሣሪያ የያዘው በእነሱ ነው።

አር ውስጥ መጀመሪያ ያገኘሁት በሁለቱም ዘንግ ላይ ስህተት እንዳለ የሚቀበለውን የዴሚንግን ሪግሬሽን ነው። ዴሚንግ ያ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለጃፓን ፋብሪካዎች ስለ ጥራት ያስተማረው አሜሪካዊ ነው፤ ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1943 መጽሐፉ ውስጥ ስለጻፈ በስሙ ቀረ እንጂ ሥሩ ከዚያ ይርቃል። አድኮክ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1878፣ ኩመል ደግሞ በ1879 ሠርተውበታል። የአድኮክ ጽሑፍ የወጣው አዮዋ ግዛት፣ ዴ ሞይን ከተማ ይታተም በነበረ «ዘ አናሊስት» በሚባል የሒሳብ መጽሔት ላይ ነው። በቆሎ የሚበቅልበት አገር መሆኑን ልብ በሉልኝ፤ ወደ አዮዋ እንመለሳለን።

የዴሚንግ ጥቅሎች በብዛት የተዘጋጁት ለሕክምና ላብራቶሪ ነው። ሁለት መሣሪያዎች የአንድን ሰው ደም ስኳር ቢለኩ ይስማማሉ ወይ? አዲሱ መሣሪያ አሮጌውን ይተካዋል ወይ? ለዚህ የተሠሩ ናቸው፤ ሥራቸውንም ግሩም አድርገው ይሠራሉ። ግን ሥራ ከመጀመራቸው በፊት አንድ ነገር ይጠይቃሉ፤ የሁለቱ ስህተቶች ቫሪያንስ፣ ማለትም የመበተናቸው ልክ፣ አንዱ የሌላው ስንት እጅ ነው? የላብራቶሪ ሰው ይህን ያውቃል፤ ያንኑ ደም በየመሣሪያው ሁለት ሁለት ጊዜ ለክቷልና። የእኛን ማሳ ማን ሁለት ጊዜ ለካው?

ሳላነሣው የማላልፈው አንድ ሰው አለ፤ ዌይን ፉለር። አዮዋ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ያስተማረ የስታትስቲክስ ሊቅ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1987 ስለ ልኬት ስህተት ያሳተመው መጽሐፍ የዘርፉ ዋና ማጣቀሻ ሆነ። ውጭ ተምሮ የተመለሰ አንድ መምህር ዘንድ ፎቶ ኮፒውን አገኘሁና ስከፍተው መጀመሪያ ገጾቹ ላይ ምን ጠበቀኝ? በቆሎ! አዮዋ ውስጥ በ11 ቦታዎች የተለካ የበቆሎ ምርትና በአፈሩ ውስጥ ያለ ናይትሮጅን። ናይትሮጅኑ የሚታወቀው ከማሳው አፈር ተቆንጥሮ፣ ላብራቶሪ ተመርምሮ ነው፤ ስለዚህ ስህተት አለበት። የስህተቱ ቫሪያንስ 57 መሆኑን ከተደጋገመ ልኬት አውቀዋል። በተራው ሪግሬሽን ተዳፋቱ 0.34 ነው፤ ስህተቱ ሲታረም 0.42 ይሆናል። ናይትሮጅን ለበቆሎው የሚሰጠው ጥቅም አንድ አምስተኛ ያህል ተደብቆ ነበር ማለት ነው። በዚህ ተነሥቶ ማዳበሪያ የሚመክር ባለሙያ አስቡ።

እነዚያን 11 ነጥቦች በእጄ አስገባኋቸው። ከዚያ በኋላ አዲስ ፕሮግራም ባገኘሁ ቁጥር መጀመሪያ የማቀምሰው የፉለርን በቆሎ ሆነ። 57ን ሰጥቼው 0.42 ከመለሰልኝ አመንኩት። ካልመለሰ ወይ የማልረዳው ነገር አለ፣ ወይ ሌላ ጥያቄ ነው የሚመልሰው። ፕሮግራም ለሚያማርጥ ሰው ሁሉ የምመክረው ይህንን ነው፤ የማስታወቂያውን ገጽ ከማንበብ መልሱ የታወቀ ምሳሌ መስጠት ይሻላል።

ዴሚንግን በራሴ መረጃ ላይ፣ ሁለቱ ስህተቶች እኩል ናቸው በሚል ግምት ሳስኬደው ተዳፋቱ ከ1 በላይ ተተኮሰ። አለቃዬ «እንዴ! አሁን ደግሞ ትልቁ ነው ጎበዙ?» አሉ። ጥርጣሬያቸው ልክ ነበር። ዴሚንግ ነጥቦቹ ከመስመሩ የራቁት በልኬት ስህተት ብቻ ነው ብሎ ያምናል። የደም ስኳር ላይ ይህ ያስኬዳል። ማሳ ላይ ግን በትክክል እኩል የሆኑ፣ በትክክል የተለኩ ሁለት ማሳዎች እኩል አያመርቱም። አንዱ ላይ በረዶ ወርዷል፣ አንዱ ዋግ መቶታል፣ አንዱ ማዳበሪያው ዘግይቶበታል፣ የአንዷ ባለቤት በአረም ጊዜ ታማ ነበር። ያ ሁሉ መበተን የልኬት ስህተት አይደለም፤ ኑሮ ነው። ፕሮግራሙ ኑሮውን ስህተት ብሎ ሲቆጥረው ከልክ በላይ ያርማል። ሬይመንድ ካሮልና ዴቪድ ሩፐርት እ.ኤ.አ. በ1996 ይህንኑ ለማስጠንቀቅ ራሱን የቻለ ጽሑፍ አውጥተዋል። ከዚህ ሁሉ ንባብ ይበልጥ የጠቀመኝ ይሄኛው ነው፤ ምክንያቱም ትክክለኛ መሣሪያ ያለ ቦታው ሲገባ ከአሮጌው መሣሪያ እንደማይሻል በቁጥር አሳየኝ።

ፍለጋው ወደማላስበው ቦታም ወስዶኛል። ካናዳዊው የምድር ሳይንስ ሊቅ ዴሪክ ዮርክ እ.ኤ.አ. በ1966 ለእያንዳንዱ ነጥብ የየራሱን ስህተት የሚቀበል ዘዴ አሳተመ። የድንጋይ ዕድሜ የሚያሰሉ ሰዎች ያለ እሱ አይኖሩም። በርክሊ ይሠራ የነበረው ኬን ሉድዊግ «አይሶፕሎት» የተባለ ፕሮግራም ሠራላቸው፤ በኋላም በአር የተጻፈ ተተኪ መጣ። የአፋርንና የኦሞን የእሳተ ገሞራ አመድ በአርጎን ዘዴ የሚመረምሩ ባለሙያዎች እንዲህ ያለውን መስመር ለማመሳከሪያ ያሰምራሉ። ሉሲ ወደ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ናት ስንል፣ ከዚያ ቁጥር በስተጀርባ የመሣሪያውን ስህተት እያንዳንዱ ልኬት ላይ በጥንቃቄ የመዘገቡ ሰዎች አሉ። እውነቱን ለመናገር ቀናሁ። 3.2 ሚሊዮን ዓመት የሆነው አመድ ስህተቱ ተጽፎለታል፤ አምና የታጨደው ጤፍ ማሳ ስህተቱ የለም።

በፓይተን ቋንቋ በኩል ኦዲአርፓክ የሚባል አለ። በአሜሪካ የደረጃዎች ተቋም ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1989 አካባቢ በፎርትራን የተጻፈ፣ በኋላም ሳይፓይ በሚባለው የፓይተን ስብስብ ውስጥ ተጠቅልሎ የገባ ጠንካራ ሥራ ነው፤ መስመሩ ቀጥ ያለ ባይሆንም ይሠራል። ግን እሱም እንደ ዴሚንግ ኑሮንና ስህተትን አይለይም፤ ስለዚህ አለፍኩት።

ለእኔ ጥያቄ የቀረቡት ሁለት ናቸው። አንዱ ስታታ በሚባለው የስታትስቲክስ ፕሮግራም ውስጥ ያለው «ኢአይቪሬግ» የሚባል ትእዛዝ ነው። ከማሳው ስፋት ሌላ ሌሎች ነገሮችንም፣ ማዳበሪያ፣ ዘር፣ የሰው ጉልበት፣ አብሮ ይቀበላል፤ ኑሮውንም ስህተት አይለውም። ሁለተኛው ሲሜክስ ነው፤ ኩክና ስቴፋንስኪ እ.ኤ.አ. በ1994 ያወጡት፣ በአር ውስጥ በነፃ የሚገኝ። የሲሜክስ ሐሳብ በጣም ያምራል። መረጃው ላይ ሆን ብሎ ተጨማሪ ስህተት ይጨምርበታል፣ ትንሽ፣ ከዚያ ጨመር፣ ከዚያም በዛ አድርጎ፤ ተዳፋቱ በየደረጃው እንዴት እንደሚተኛ ይከታተላል፤ ከዚያ ያንን ጉዞ ወደ ኋላ አስረዝሞ ስህተቱ ዜሮ ቢሆን የት እንደሚደርስ ያያል። ወጥ ላይ ጨው እየጨመሩ እየቀመሱ፣ መጀመሪያ ስንት ጨው እንደነበረበት ወደ ኋላ እንደመገመት ነው።

ሁለቱም የፉለርን በቆሎ አለፉ። ሁለቱም ግን በር ላይ ቆመው ያንኑ ጠየቁኝ። «ኢአይቪሬግ» የስፋቱ አስተማማኝነት ስንት ነው ይላል። ሲሜክስ የስህተቱ መጠን ስንት ነው ይላል። ዴሚንግ ጥምርታውን፣ ዮርክ የየነጥቡን፣ ፉለር ቫሪያንሱን። ያን ሁሉ መንገድ የተጓዝኩት ፕሮግራም ጎድሎኝ መስሎኝ ነው፤ የጎደለው አንድ ቁጥር ነበር። ቁጥሩ ደግሞ በየትኛውም ፕሮግራም ውስጥ የለም፤ ሊኖርም አይችልም። ከነጥቦቹ ብቻ እናውጣው ቢባል፣ ስርጭቶቹ የተለመደው የደወል ቅርጽ ካላቸው ፈጽሞ እንደማይቻል በሒሳብ የተረጋገጠ ነው።

አንድ ወዳጄ «0.9 ብለህ ሙላው፣ ማን ያይሃል» አለኝ። ሞክሬ አሳየሁት። 0.9 ሲሞላ ትንሹ ይበልጣል፤ 0.8 ሲሞላ እኩል ናቸው፤ 0.7 ሲሞላ ትልቁ ይበልጣል። የአገር ጥያቄ በእኔ ጣት ተንጠለጠለ። ወዳጄም ዝም አለ።

መፍትሔው የተገኘው ዕቃ ግምጃ ቤት ነው። መረጃው ሲሰበሰብ ተቆጣጣሪዎች ከየቀበሌው ጥቂት ማሳዎችን እየመረጡ በኮምፓስና በገመድ ዳግም ይለኩ እንደነበር አንድ ጡረታ የወጡ የመስክ ሠራተኛ አጫወቱኝ። ቅጾቹ የት ገቡ? ማንም አያውቅም። ኮምፒዩተር ውስጥ አልገቡም፤ «ለቁጥጥር ብቻ» ተብለው ነበርና። የግምጃ ቤቷን ኃላፊ ለመንኳቸው። «እትዬ፣ የመስክ ወረቀት በከረጢት የታሰረ አይተው ያውቃሉ?» ስላቸው መነጽራቸውን አወለቁና «ለወረቀት ነው እንዲህ የተጨነቅከው? ሊቃጠል ተዘርዝሮ ነበር፤ ፊርማ ዘግይቶ ነው የቆየው» አሉኝ። አቧራ በአቧራ ሆነን ከረጢቶቹን ፈታን። እናቴ ይመስል ነጠላቸውን አገልድመው አብረውኝ ሲያነሡ ሲያስቀምጡ ዋሉ። ቅጾቹ ነበሩ። የማሳው መለያ ቁጥር፣ ገበሬው የተናገሩት ጥማድ፣ ከጎኑ በገመድ የተለካው።

ያንን ማስገባት ረጅም ሥራ ነበር፤ ግን ደስ ብሎኝ የሠራሁት ሥራ ነው። ሲያልቅ ያየሁት ነገር ሐሳቤን ዳግም አናወጠው። ስህተቱ መማሪያ መጽሐፍ ላይ እንዳለው በዘፈቀደ የተረጨ አልነበረም። ትንንሽ ማሳዎች ከእውነታቸው ሰፍተው፣ ትልልቆቹ ጠብበው ተነግረዋል። እንዲህ ያለው ነገር በእኛ ብቻ አይደለም። ካርሌቶ፣ ሳቫስታኖና ዜዛ እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት የኡጋንዳ ጥናት ይኸው ዝንባሌ ታይቷል፤ እዚያ መሬቱ በጂፒኤስ ሲለካ «ትንሹ ይበልጣል» የሚለው እንዲያውም በረታ። ኢትዮጵያ ውስጥ ደግሞ ዴሲየርና ጆሊፍ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ሥራ ዓይናቸውን ወደ ምርቱ አዞሩ። ገበሬው የተናገረውን ኩንታል ትተው፣ ማሳው ውስጥ 4 ሜትር በ4 ሜትር ተከልሎ ታጭዶ የተመዘነውን ሲጠቀሙ የትንሹ ብልጫ ጠፋ። ክብሮም አባይና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2019 የኢትዮጵያን መረጃ ይዘው ያስተማሩን ትምህርት ከሁሉም የከበደ ነው። የስፋቱና የምርቱ ስህተቶች ሲያያዙ አንዱን ብቻ ማረም ከነጭራሹ ካለማረም ሊብስ ይችላል።

ስለዚህ ስህተቱ በዘፈቀደ የተረጨ ነው ብለው የሚነሡት «ኢአይቪሬግ» እና ሲሜክስ ባሉበት ቀሩ። ዳግም የተለኩትን ማሳዎች ተጠቅሜ የተነገረው ስፋት ወደ እውነተኛው እንዴት እንደሚቀየር ገመትኩ፤ ያንን ለቀሩት ማሳዎች አዋልኩ፤ ከዚያ ተራውን ሪግሬሽን አስኬድኩ። የእርግጠኝነቱን ወሰን ደግሞ ከመረጃው ደጋግሞ ናሙና በመውሰድ፣ ሁለቱንም ደረጃ አብሮ በመድገም አሰላሁት። አር ውስጥ አጭር ጽሑፍ ነው፤ ልዩ ጥቅል አያስፈልገውም። የትንሹ ማሳ ብልጫ አብዛኛው ቀለጠ። «ጨርሶ የለም» ለማለት ግን አልደፈርኩም፤ ምርቱ አሁንም ገበሬው የተናገሩት ነው፣ በማጭድና በሚዛን የተረጋገጠ አይደለም። ሪፖርቱን እንዲያው ጻፍኩት። አለቃዬም ረጅም ጊዜ ካነበቡት በኋላ ሳይቀይሩ ፈረሙበት፤ ለዚያ አከብራቸዋለሁ።

አሁን የምለምነው መጠይቅ የምታዘጋጁትን ነው። የዓለም ባንክ ከኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ጋር ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ በሠራው ጥናት የገጠር ማሳ በጂፒኤስ ተለክቷል፣ ከፊሉ ምርትም ታጭዶ ተመዝኗል፤ እንደሚቻል በአገራችን ታይቷል። የእናንተ ጥናት ለዚያ ሁሉ በጀት ባይኖረው፣ ከየቀበሌው ጥቂት ማሳዎችን ብቻ በዕጣ ምረጡና በገመድ ዳግም ለኩ፤ ከእነሱም ከፊሉን አጭዳችሁ መዝኑ። በዕጣ ይሁን፤ ለመንገድ የቀረቡትን ብቻ አትምረጡ። ቅጹን «ለቁጥጥር ብቻ» ብላችሁ ከረጢት ውስጥ አትክተቱት፤ ከዋናው መረጃ ጋር በዚያው የማሳ መለያ ቁጥር ኮምፒዩተር ውስጥ አስገቡት፤ ለሚጠይቅ ተመራማሪም ሁለቱን አብራችሁ ስጡ። እናንተም የግምጃ ቤት ኃላፊዎች፣ የመስክ ቅጽ ሊቃጠል ሲዘረዘር ከመፈረማችሁ በፊት እባካችሁ አንድ ተመራማሪ ጠርታችሁ አሳዩ።